ሰው የሌለበት ክፍል

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፦

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ከሁለታችን ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ መተሳሰቡን እንተወውና፣ ዛሬ ስለ አንድ ሥዕል ላወራህ ነው የተነሳሁት። እንዲህ ያለውን ወሬ ካንተ ሌላ ማን ይሰማኛል?

ሠዓሊው ዴንማርካዊው ቪልሄልም ሐመርስሆይ ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ ከባለቤቱ ከኢዳ ጋር የሚኖርበትን ቤት አንዱን ክፍል እ.ኤ.አ. በ1900 ሣለው። ወንበር የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ መጋረጃ የለ። ያለው አንድ መስኮት፣ አንድ የተዘጋ በር፣ በሰያፍ የገባ የፀሐይ ጨረርና ጨረሩ ውስጥ የሚንሳፈፍ አቧራ ነው። የመስኮቱ ቅርጽ ወለሉ ላይ በብርሃን ተነጥፏል። ቀለሙ ከግራጫና ከቡናማ ብዙም አይርቅም።

ያየው ሰው ሁሉ «ብቸኝነት» ይላል። እኔን ግን አልዋጥልህ አለኝ። የሆላንዱ ሳሙኤል ፋን ሆኽስትራተን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሣለውን፣ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለውን ሥዕል አስታውስ። እዚያም ሰው የለም፤ ግን ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቷል፣ የቤት ጫማ መሬት ላይ ተጥሏል፣ መጥረጊያው ግድግዳ ተደግፏል። ተመልካች ወዲያው «ሴትዮዋ የት ሄዳ ነው?» ብሎ ሐሜት ይጀምራል። የሰው አለመኖር የሚሰማህ እንዲህ ዱካው ሲቀር ነው።

ሐመርስሆይ ለሐሜተኛ የሚሆን ነገር አላስቀረም። ኢዳ እዚያው ቤት ነበረች፤ በሌሎች ሥዕሎቹ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ እናያታለን። እዚህ ግን ሆን ብሎ አስወጣት፣ ዕቃውንም አነሳ። ከሰው የተራቆተ ቤት ያሳዝናል፤ ይሄኛው ግን ለብርሃኑ ቦታ የተለቀቀለት ነው። ለዚህ ይመስለኛል ሥዕሉን ሳይ የማርፈው። አቧራውን እንኳ የሚጠርገው የለም፤ እንዲያውም የተከበረው እንግዳ እሱ ነው!

አሜሪካዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ሆፐርም እ.ኤ.አ. በ1963 ባዶ ክፍል ውስጥ የገባ ፀሐይ ሥሎ፣ ምን ፈልገህ ነው ቢሉት «ራሴን» አለ ይባላል። ደስ የሚል መልስ ነው፤ ሐመርስሆይ ግን ራሱንም ጭምር ያስወጣ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ብቻ ይረብሸኛል፦ በሩ እጀታ የለውም። እሱን ልብ ካልኩ ወዲህ «አርፋለሁ» ማለቴን ራሴው እጠራጠረዋለሁ። አንተ ሥዕል ስታይ ከኔ ይልቅ ትታገሣለህና፣ ፈልገህ እየውና ስለ በሩ የሚታይህን ጻፍልኝ።

ወዳጅህ