ዲሹን የሰቀለው ማን ነበር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ባሕር ኃይላችን በጋዜጣችሁ በሚወጡ ጽሑፎች ወደቡ ይነሳል፣ መርከቡ ይነሳል፣ በጀቱም ይነሳል። የመርከበኛው ስልክ ግን ሲነሳ አላየንም። እ.ኤ.አ. በ1996 ፈርሶ በ2018 እንደገና እንዲደራጅ የተወሰነው ኃይል የጦር መርከብ ከመረከቡ በፊት ጽፎ መጨረስ ያለበት አንድ ደንብ ቢኖር የኢንተርኔት ደንብ ነው። ሰው ከለመደ በኋላ የሚወጣ ደንብ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ማንቸስተር በተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል። መርከቧ ወደ ምዕራብ ፓስፊክ ለግዳጅ ከመውጣቷ በፊት የበታች ሹሞቿ የስታርሊንክ (የሳተላይት ኢንተርኔት) ዲሽ ገዝተው ከላይኛው ወለል ላይ በድብቅ ሰቀሉ። ዕቃው 2,800 ዶላር፣ ወርኃዊ ክፍያው 1,000 ዶላር ነበር። ፓስወርዱን የያዙት ራሳቸው ብቻ ናቸው። የዋይፋይ ሞገድ የብረት ግድግዳን እንደ ልቡ ስለማያልፍ ሁሉም ክፍል ሊዳረስ አልቻለም፤ ሃዋይ ፐርል ሃርበር ሲደርሱ ሪፒተር (ሞገዱን ተቀብሎ የሚያራዝም ዕቃ) እና ገመድ ጨመሩ። የኔትወርኩ ስም «ስቲንኪ» ይባል ነበር፣ «የሚገማው» እንደማለት። ተራው መርከበኛ ስሙን በስልኩ ላይ እያየ መጠያየቅ ሲጀምር የገመድ አልባ ፕሪንተር ስም አስመስለው ለወጡት። እንዲያ ያለ ፕሪንተር በመርከቧ ላይ ጭራሽ አልነበረም! ለአዛዡ በአስተያየት መስጫ ሳጥን የገባው ጥቆማም መንገድ ላይ ቀረ። በመጨረሻ ዲሹን ያየው የተፈቀደ የሳተላይት መሣሪያ ሊገጥም የመጣ ሲቪል ባለሙያ ነው። ዋና ተጠያቂ ሆና በወታደራዊ ፍርድ ቤት ማዕረጓ ዝቅ የተደረገው የበታች ሹሞቹ አለቃ ናት፤ ሥነ ሥርዓት የማስከበር አደራ የተሰጣት ሰው። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባል የለ? እዚህ ቃል በቃል ሆነ።

«ቤተሰብ ቢያናግሩበት ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። ዲሽ ይቀበላል ብቻ ሳይሆን ይልካልም። መርከብ ራዳሯንና ሬዲዮዋን ዘግታ በምትጓዝበት ሰዓት አንድ የሚያስተላልፍ ዕቃ ካለባት ዝምታው ዋጋ የለውም። በዚያ ላይ ዲሹ የት እንዳለ አገልግሎት ሰጪው ኩባንያ ያውቃል። በዚያ መስመር የሚያልፈውንም ከመርከቧ ባለሙያዎች የሚከታተለው የለም።

መከልከል ብቻውን ግን አይሠራም። ከለገሃር እስከ ስታዲየም ባሉት ካፌዎች ገና ወንበር ሳይስብ «ፓስወርዱ ስንት ነው?» የሚለው ወጣት ነው ነገ ምልምል ሆኖ የሚመጣው። የንግድ መርከበኛውም ቢሆን፣ ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ማሻሻያ መሠረት፣ በተቻለ መጠን ኢንተርኔት እንዲቀርብለት ይገባል። ይህን የሚያውቅ ሰው ለወራት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ቀዳዳ ይፈልጋል። ስለዚህ የተፈቀደ መስመር ይሰጠው፤ ነገር ግን ገመዱም ስዊቹም (ገመዶቹን የሚያገናኘው ሣጥን) ከአሰሳና ከጦር መሣሪያ ኔትወርክ ፈጽሞ ይለይ። አንድ ስዊች ላይ በቅንብር ብቻ የተለያዩ ሁለት መረቦች አንድ ቀን በቅንብር ስህተት ይገናኛሉ። መስመሩ በአዛዡ ትእዛዝ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይዘጋ፣ የተዘጋበትና የተከፈተበት ሰዓት ይመዝገብ። ከሌሎች ስልኮች ሁሉ ምዝገባ በፊት የአዛዡ ስልክ ይመዝገብ። ፍተሻው ቀንና ሰዓቱ እየተቀያየረ በየሳምንቱ ይካሄድ፤ የሚያየውም የኔትወርክ ስም ሳይሆን የሞገዱን ጥንካሬ እየተከተለ ወደ ምንጩ የሚያደርስ መሣሪያ ይሁን። ፈታሹ በውስጥ ክፍሎች ብቻ ዞሮ ከወረደ ደግሞ ሥራው ግማሽ ነው፤ ብረቱ ከላይ ያለውን ይደብቅበታል። የአስተያየት ሳጥኑ ቁልፍም ከበታች ሹሞቹ እጅ ይውጣ።

ስልክ ሰብስቦ ስማርት የእጅ ሰዓትን መርሳት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። የእጅ ሰዓቱ የሩጫውን መስመር ያለ ኢንተርኔትም በሆዱ ይይዛል፣ ስልክ ሲያገኝ ያራግፋል። በፈረንሳይ ኢል ሎንግ ከሚገኘው የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ጣቢያ ወታደሮች ስትራቫ በተባለው የሩጫ መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ የለቀቁት ሩጫ በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በጋዜጣ ወጣ። የጎዳቸው የጣቢያው መታየት አይደለም፤ ጣቢያው በካርታ ላይም አለ። ሯጩ ለሳምንታት ጠፍቶ መመለሱ ሰርጓጁ መቼ ወጥቶ መቼ እንደገባ ማሳበቁ ነው የጎዳቸው።

ይህን ሁሉ ስንል ማንኛውም አደጋ የመረብ ጥቃት ነው ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ጆን ማኬይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ሲንጋፖር አጠገብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ተጋጭታ 10 መርከበኞች ሲሞቱ ብዙ ሰው ጠላፊዎችን ጠርጥሮ ነበር። ምርመራው ያገኘው መሪውና የሞተሩ መቆጣጠሪያ ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሠራተኞቹ ግራ መጋባታቸውን ነው።

ፍላሽን በተመለከተ፣ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ የፈረንሳይ ባሕር ኃይልን ኔትወርክ ሲያጠቃ መግቢያው ፍላሽ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። የኤሌክትሮኒክ ባሕር ካርታ ዛሬም በብዙ መርከቦች አፕዴት የሚደረገው በፍላሽ ነው፤ መከልከል አይቻልም። ለካርታው ብቻ የሚውል፣ ቁጥር የተጻፈበትና ቀለሙ የተለየ ፍላሽ ይመደብ፤ ከኔትወርክ ውጪ ባለ ኮምፒውተር ሳይፈተሽ አይሰካ። በስህተት የግል ፍላሽ ሰክቶ ወዲያው ያሳወቀ መርከበኛ ደግሞ ከደበቀው ጋር እኩል አይቀጣ። እኩል ከተቀጡ ቀጣዩ ሰው ይደብቃል፣ ቫይረሱም የሚታወቀው ስክሪኑ ሲጠፋ ነው።

ሁለት የኔትወርክ ደኅንነት ባለሙያዎች
ከለገሃር፣ አዲስ አበባ