ስልክሽን አትዝጊ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድምፅሽን ካልሰማን ዛሬ ዘጠኝ ቀናችን ነው። የምትቆጥረው እናትሽ ናት። እሷ ስትስት የማርማት ግን እኔ ነኝ።

አክስትሽ ከፓሪስ ደውላ ነበር። ፈተናው አልሆነላትም፣ ክፍልም መግባት ትታለች አለችን። ተቆጣሁ። አሁን ወጥቶልኛል። የምልሽ አንድ ነገር ነው፦ ስልክሽን አትዝጊ። ደግሞ በርበሬው አክስትሽ ዘንድ ደርሷል። ስትቀበይ ፍሪጅ አስገቢው፣ እንዳምናው እንዳይሻግት።

ባለፈው ወር መድፍ ላይ ተቀምጠሽ የላክሽው ፎቶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል። ሎንግ ሱር ሜር ነው ያልሽኝ፣ ፈረንሳይ ባሕር ዳር ያለው የድሮ የመድፍ ምሽግ። ወንድምሽ ስለ ቦታው ያገኘውን ሁሉ አትሞልኝ ሦስት ቀን መነጽሬን አላወለቅሁም። መቼም ታውቂያለሽ፣ ምጽዋ ባሕር ኃይል እያለሁ ስልከኛ ነበርኩ። መድፍ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ሽቦውን ነው።

ጀርመኖች ያንን ምሽግ መሥራት የጀመሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። አራት መድፎች፣ እያንዳንዱ በአርማታ ቤት ውስጥ። ግድግዳው ሁለት ሜትር ይወፍራል። መድፎቹ ቼክ አገር፣ ፒልሰን፣ ስኮዳ ፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ጥይት 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ግማሽ ኩንታል ጤፍ በይው። ያንን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይወረውሩታል። ጉልበቱስ ጉልበት ነው።

ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከመድፎቹ 300 ሜትር ገደማ ወደፊት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ያ ባለሁለት ደረጃ ቤት። (አፋፉ ላይ ቆመሽ ፎቶ እንዳትነሺ፣ እዚያ አገር ገደሉ ይናዳል።) የመርከቧን ርቀት የሚለካው፣ አቅጣጫዋን የሚያሰላው እዚያ ያለው ሰው ነው። መድፈኛው ከኋላ ሆኖ በስልክ የተነገረውን ቁጥር ይዞ ይተኩሳል።

እንግዲህ ጀርመንን የሚወጉት የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች መጡ። ቦንቡ አርማታውን እምብዛም አልጎዳውም። የስልኩን ሽቦ ግን በጠሰው። ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሰኔ 6 ቀን 1944፣ ሲነጋ ባሕሩ በእነሱው መርከብ ተሞልቷል። መድፎቹ ተኮሱ። ቡሎሎ የምትባለውን የአዛዦች መርከብ ከቆመችበት አስነሷት። ግን እያንዳንዱ መድፍ ለየብቻው፣ በራሱ ግምት ነበር የሚተኩሰው። ኤጃክስ የምትባል የእንግሊዝ መርከብ መለሰችላቸው፤ በኋላ የፈረንሳይ መርከቦችም ጨመሩባቸው። ማታ ላይ መድፎቹ ሁሉም ዝም አሉ። ምሽጉ 184 ሰዎች ነበሩት፤ በማግስቱ የተረፉት እጃቸውን ሰጡ። ከግማሽ በላይ ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ነበር። የልጅ አባቶች።

ሁለት ሜትር አርማታ እያላቸው ነው እንግዲህ። ስልክሽን አትዝጊ።

እኔም ዘግቼ አውቃለሁ። ምጽዋ የኮርስ ፈተና ወደቅሁና ማዕረጉ ቀረብኝ። ለእናቴ ግን ማዕረግ ለብሼ እመጣለሁ ብያት ነበር። አፈርኩ። ካለፍኩ በኋላ እጽፍላታለሁ እያልኩ ዓመት ከመንፈቅ ደብዳቤ አልላክሁም። ቀኑን ሙሉ ሰው ከሰው የማገናኝ ስልከኛ! ፈቃድ አግኝቼ አገር ቤት ስገባ የደረስኩት ለአርባዋ ነው። የጎረቤት ልጅ የመጨረሻዋን ደብዳቤዬን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ሲያነብላት ኖሯል። እሷም አውቃ ዝም ትለው ነበር አሉኝ። ወረቀቷ እጥፋቷ ላይ ተቀድዳ በሊጥ ተለጥፋለች። ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ ከቤቱ ካርታ ጋር፣ ልጅ ሆናችሁ አትንኳት የምላችሁ ወረቀት እሷ ናት።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ ስለ ፈተናው። ድጋሚ መፈተን የሚቻል ከሆነ ቀኑን ጠይቂ፣ በጽሑፍም ይስጡሽ። የቤት ኪራይ ደረሰኝ አትጣይ። የመኖሪያ ፈቃድሽ መቼ እንደሚያበቃ ዛሬውኑ እይው፤ ሰነፍ ልጅ አላሳደግሁም። የገንዘቡን ነገር ለእኔ ተይው። ክረምት ሳይገባ ደህና ጫማ ግዢ።

ቅዳሜ ማታ በእኛ ሁለት ሰዓት እደውላለሁ። ማውራት ካልፈለግሽ አንሺውና ዝም በይ። እኔም ዝም እላለሁ፤ ካርዱ እስኪያልቅ አብረን እንቆያለን። ብቻ ስልክሽን አትዝጊ፣ የኔ እናት።

እናትሽ ደግሞ ሽሮም ልጨምርላት ወይ ጠይቅልኝ ብላለች።

አባትሽ