ያላነሳሁት ስልክ

ደሴ

እህት ዓለም፣ እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? ስልክሽ ሲጮህ እያየሁ ስንቴ ዝም አልኩ! ተቀይሜሽ አይደለም። ወንድሜ ታሞ ነው። ሰው ሲጠይቅ «ትንሽ አሞት ነው» ብለው የሚያልፉት ዓይነት ሕመም። እንቅልፍ አጣ፤ ብቻውን ማውራት ጀመረ። እናቴ ጸበል አለች፣ እኔ ሐኪም አልኩ፤ ሁለቱንም አደረግን። ኦላንዛፒን የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ታዘዘለት። ተሻለው፣ ተመስገን።

ግን ስድስት ወር ሳይሞላው ሱሪው አልገባ አለው። ሌሊት እየተነሳ ጆግ ሙሉ ውሃ ይጨርሳል። እናቴማ «ልጄ ወዛ» ብላ ደስ ብሏታል። እኔ ስለ መድኃኒቱ ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካ፣ አላስካ የሚኖር አንድ ጠበቃ ያገኘሁት ያኔ ነው። ለአንቺ ሳልነግር ማለፍ አልቻልኩም።

ጂም ጎትስታይን ይባላል። የወንድሜ ኪኒን የሌላ ፋብሪካ ነው፤ ቀድሞ ያወጣው ግን ኢላይ ሊሊ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው፣ ዚፕሬክሳ ብሎ። በዓመት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች ኒውዮርክ ባለ ክስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በምስጢር ተይዘዋል። ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰነዶቹ እጁ ላይ ላሉት የባለሙያ ምስክር፣ አላስካ በያዘው ሌላ መዝገብ መጥሪያ ላከ! ሲደርሱት ለኒውዮርክ ታይምስ ሰጠ። እንደ ፈረንጆቹ በ2006 መገባደጃ ጋዜጣው፣ መድኃኒቱ ክብደትና የደም ስኳር መጨመሩን ኩባንያው አቃሎታል ብሎ ጻፈ። ኩባንያው አስተባበለ።

ዳኛው ተቆጡ፤ በ2007 ሰነዱ ይመለስ ብለው አዘዙ። አንቺም «ይሄማ ተንኮል ነው» ትይ ይሆናል። ኢንተርኔት ላይ ከተበተነ በኋላ ግን ምኑ ይመለሳል? በ2009 ኩባንያው መድኃኒቱን ላልተፈቀደለት ሕክምና፣ የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን ማስተዋወቁን አምኖ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ። የዓመት ሽያጩን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን «ሕግ ለባለገንዘብ ነው» ያልሽኝ ትዝ አለኝ። እዚህ ላይ ልከራከርሽ አልችልም።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ጠበቃው ራሱ በ1982 እንቅልፍ አጥቶ አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ይህን በአደባባይ ይናገራል። እኔ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ለተጋራሁሽ ለአንቺ እንኳ ለመንገር ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ።

መድኃኒቱን አላስቆምኩትም፤ በራስ ማቆም ጣጣው ብዙ ነው። ስኳሩ ይለካ ብዬ ሐኪሙን ጨቀጨቅኩ። ከፍ ብሎ ተገኘ። አሁን ሊቀይርለት እየመከረ ነው። ማታ ማታ ወደ ጦሳ በኩል ይዤው እራመዳለሁ፤ እሺ ካለኝ ማለቴ ነው።

ለገና ነይ። ወንድሜ «ያቺ ጭቅጭቃም የት ገባች?» እያለ ይጠይቅሻል። ጋቢ እንዳትረሺ፣ ብርዱን ታውቂዋለሽ።

ያንቺው