ታይዋን ላለሽው ልጄ

እሙዬ፣ እንደምን ሰንብተሽልኛል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ያው ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ከእናንተ ዘንድ ለእረፍት የመጣው ልጅ እቤት መጥቶ ነበር። የላክሽውን ሻይ አደረሰን። ቡና እየጠጣ ሳለ አፉን አዳለጠውና «ከፈተናው ወዲህ እሁድ እሁድ አትመጣም» አለ። እናትሽ ጓዳ ስለነበረች አልሰማችም። እኔ ግን የምን ፈተና ብዬ ያዝኩት። ልጁ ጨዋ ነው፣ ብዙ አላወራም። ያወራው ግን በቃኝ። ወድቀሻል። ከወደቅሽ ወዲህ ከሀበሾቹም ቀርተሻል፣ ስልክሽንም ዘግተሽ ክፍልሽ ውስጥ ከትተሻል።

ፈተናውን ተይው፣ ይደገማል። ስልክሽን ግን አትዝጊ።

ስኮላርሺፑን ያገኘሽ ዕለት ሰው ሁሉ «ታይዋን ደግሞ የት ነው?» ሲል እኔ «የያኒ ሀገር!» ያልኩትን ታስታውሺያለሽ። ወንድምሽ እስከዛሬ ይስቅብኛል። ምን ላድርግ፣ ስንት ዘመን የጎልፍ ሜዳ ሳር ሳጭድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠዋት በጤዛ አጭደን ስንጨርስ፣ ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ያለው ያው ጎልፍ ነው። ካዲዎቹ፣ የተጫዋቾቹን ዱላ የሚሸከሙት ልጆች፣ ስለ አሜሪካኖቹ ይከራከራሉ። እኔ ያቺን የታይዋን ልጅ ነበር የምጠብቀው። ያኒ ጼንግ። አውሮፕላንሽ ያረፈበት ታኦዩዋን ከተማዋ ነው።

በፈረንጆቹ 2011 ያደረገችውን ልንገርሽ። ሰምተሽዋል፣ ግን ያኔ ልጅ ነበርሽ፣ «አባዬ ካርቱን አድርግልን» ነበር የምትይው። ዓመቱ ሲጀመር ሀገሯ ላይ አሸነፈች። ቀጥላ አውስትራሊያ ላይ ሁለቴ። ከዚያ ታይላንድ፣ ፓታያ። ኦክቶበር ሲደርስ ደግሞ ኮሪያ ሄደች። ቾይ ና ዮን የምትባል የሀገሩ ልጅ ሁለት ዓመት በተከታታይ የወሰደችውን ዋንጫ በአንድ ምት ነጠቀቻት። አንድ ምት ማለት አንድ ጊዜ ኳስ መምታት ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፤ ጎልፍ ላይ ትንሽ ጊዜ መትቶ የጨረሰ ነው የሚያሸንፈው። በሳምንቱ ማሌዥያ ላይ ተገናኙ። ቾይ እዚያ ብድሯን መለሰች፣ እሷም በአንድ ምት።

በሚቀጥለው ሳምንት ያኒ ሀገሯ ገባች። የአሜሪካው ትልቁ የሴቶች ጎልፍ ማኅበር ውድድር ታይዋን ሲዘጋጅ ያ የመጀመሪያው ነበር፣ ታኦዩዋን ላይ። ሕዝቡን ብታዪው! ጎልፍ እኮ ጸጥ ተብሎ ነው የሚታየው። ሰዉ ግን ጃንጥላውን ይዞ ከገመዱ ውጭ ተደራርቦ ቆሟል፣ ስትራመድ አብሯት ይሮጣል። በሰፊ ልዩነት አሸነፈች። ሳታርፍ ቻይና፣ ሱዡ ሄደችና ያንንም ወሰደች። እኔ በሥራ ሰዓት ቴሌቪዥን ሥር ተገኝቼ የተቆጡኝ ያኔ ነው።

22 ዓመቷ ነበር። የትልልቆቹን ውድድሮች ዋንጫ አምስት ጊዜ ወስዳለች። በዚያ ዕድሜ ወንድም ሴትም ያላደረገው ነው። ለ109 ሳምንታት የዓለም አንደኛ ሆነች።

አንደኛ ስልሽ ምን እንዳሰብሽ አውቃለሁ። እዚህ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ነበርሽ። እዚያ ግን ሁሉም የየሀገሩ አንደኛ ነው። ካዲዎቹ አንድ አባባል አላቸው፣ «ያለፈውን ቀዳዳ በኪስህ ይዘህ አትሂድ» ይላሉ፣ ቀዳዳ የሚሉት ኳሷ የምትገባበትን ነው። እኔ እነሱን ያህል አልተፈላሰፍኩም። የማውቀው ሰው ሲከፋው በር እንደሚዘጋ ነው። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስታኮርፊ ብርድ ልብስ ነው የምትከናነቢው። ስልክሽን አትዝጊ።

የአጎትሽን ነገር አያትሽ ፊት አናነሳውም ነበር፣ ስለዚህ የምታውቂው ግማሹን ነው። ካዲ ነበር። በተዋሰው ዱላ ሲመታ አባላቱ ሻያቸውን አስቀምጠው ያዩታል። አንድ የካዲዎች ውድድር ላይ ሲመራ ውሎ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ኳሱን ሁለቴ ዛፍ ውስጥ ከተተው። ሰው ሳቀ። በክፋት አይደለም፣ ዝም ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ሥራ አልገባም። ናዝሬት ነው ተባለ፣ ከዚያ ጅቡቲ ነው ተባለ፣ ከዚያ ምንም አልተባለም። አያትሽ በር በተንኳኳ ቁጥር ነጠላዋን አስተካክላ ትነሳ ነበር። የቆጣሪ አንባቢ ሲሆን መልሳ ትቀመጣለች። እሱስ ስልክ እንደዛሬው በየሰዉ ኪስ አልነበረም። አንቺ ምን ምክንያት አለሽ?

የሚያናድደኝ ደግሞ፣ ከሱ የባሰ የደረሰበት ሰው የናንተው ሀገር ሰው መሆኑ ነው። ቼን ዙ ቹንግ ይባላል። በ1985 የአሜሪካ ኦፕን በሚባለው ትልቅ ውድድር የመጨረሻው ቀን በ4 ምት እየመራ ነበር። አምስተኛው ቀዳዳ ላይ ከረጅም ሳር ውስጥ ኳሷን በቀስታ ሲያነሳት ዱላው አየር ላይ ድጋሚ ነካት። ቅጣት ተጨመረበት። በአራት የሚጨረሰውን በስምንት ጨረሰ። ዋንጫው በአንድ ምት አመለጠው። ቀልደኞች ስሙን ሳይቀር መቀለጃ አደረጉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሎስ አንጀለስ ላይ አሸነፈ፣ ከታይዋን በአሜሪካው ትልቅ የወንዶች ማኅበር ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ያ ቅጣት ራሱ በ2019 ከሕጉ ወጣ። አጎትሽ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር አስባለሁ።

ቆይ፣ ሳልረሳው። ክረምቱ እርጥብ ብርድ ነው አሉ። ወፍራም ብርድ ልብስ ግዢ፣ ገንዘቡን እልካለሁ። እርጥብ ፀጉር ይዘሽ አትተኚ። መሬት ሲንቀጠቀጥ በሊፍት አትውረጂ። እነዚያን የፕላስቲክ ኑድሎች ቁርስም እራትም አታድርጊያቸው፣ ልጁ የነገረኝ እሱንም ጭምር ነው። አማካሪሽን ደግሞ ሄደሽ አናግሪ። በኢሜይል አይደለም፣ በአካል። የድጋሚ ፈተናው ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቀሽ ጻፊልኝ፣ እናትሽ ሱባዔ ትይዝበታለች።

የያኒን መጨረሻ አልነገርኩሽም። በማርች 2012 አሸነፈችና ከዚያ ወዲህ በዚያ በትልቁ ማኅበር ድል ራቃት። ሳምንት በሳምንት ስሟን ከታች ነበር የምፈልገው፣ በኋላ ጭራሽ ጠፋ። ዳሌዋን ታመመች። ኳሷን ቀዳዳ ውስጥ መክተት፣ ሕፃን የሚችለውን ነገር፣ እጇ እምቢ አላት። ምን አደረገች መሰለሽ? በግራ መምታት ጀመረች! ረጅሙን በቀኝ፣ አጭሯን የመጨረሻዋን በግራ። የዓለም አንደኛ የነበረች ሴት ሰው ፊት እንደ ጀማሪ ዱላ ገልብጣ ያዘች። በ2025 እዚያው ታይዋን፣ ዊስትሮን በሚባለው ውድድር አሸነፈች። 36 ዓመቷ ነበር። ወንድምሽ በስልኩ አሳየኝ፣ መነጽሬን አጥቼ በእናትሽ መነጽር ነው ያየሁት።

ተቆጣሁሽ አይደል? አልተቆጣሁም። ብትወድቂም ልጄ ነሽ፣ ብትመለሺም ቤትሽ ነው፣ አልጋሽ ላይ ወንድምሽ ጊታሩን አስቀምጦበታል እንጂ አለ። ግን ዝም ስትይ አልችለውም። ዝምታ በዚህ ቤት አንድ ሰው በልቷል። ስልክሽን አትዝጊ ያልኩት ለዚህ ነው።

እናንተ ጋ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ቀን 9 ሰዓት ነው። እሁድ በዚያ ሰዓት ደውዪ። የፈተናውን ነገር ለእናትሽ ራስሽ ንገሪያት፣ እኔ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ለቅሶው ቀርቶ የበላሽውን ትጠይቅሻለች፣ እውነቱን ንገሪያት።

ልጁ ሐሙስ ይበራል። ሽሮና በርበሬ፣ ትንሽም ድርቆሽ ይዞልሻል። ሻንጣው ከኪሎ በላይ ሆኖበት የራሱን ጫማ አውጥቶ ነው የያዘው፣ ስለዚህ እንደ ባለፈው ይቀመጥልኝ እንዳትይ፣ ራስሽ ሄደሽ ተቀበዪው። የድርቆሹን ግማሽ ለሱ ስጪው።

አባትሽ