ክዳን የሌለው በርሜል

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ወባ ሲባል ረግረግ ማድረቅ ነው የሚታወሰን። እዚህ ድሬዳዋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ወባ አስተላላፊ ትንኝ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ከተማ ትወዳለች። የምትራባው በበርሜል፣ በሮቶና ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ነው።

ባለፈው ሳምንት የግቢያችንን በርሜል በባትሪ አየሁት። እጮቹ ውኃው ላይ ጋደም ብለዋል። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ጥልቅ! በዚያው ውኃ ጠዋት ቡና አፍልተናል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች «ክደኑ» ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው። ግን ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሳናጠራቅም ምን እንጠጣ? የውኃና የጤና ሰዎች አንድ ላይ ቁጭ ብለው ይምከሩበት። እኔ እስከዚያው በርሜሉን በአሮጌ አጎበር ሸፍኜ በገመድ አስሬዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ