የጤና ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ የለመደው ማነው?

የጤና ክበባችን ዘንድሮ አንድ ርዕስ ብቻ ይዞ ከረመ፤ አንቲባዮቲክ፣ ማለትም ባክቴሪያን የሚያጠቃ መድኃኒት። አምና ስምንት ርዕስ ጀምረን አንዱንም ሳንቋጭ ሰኔ ደርሶብን ነበር።

ርዕሱን ያመጣሁት ግን እኔ አይደለሁም። መስከረም ላይ የቀድሞ የክበባችን ሰብሳቢ ልትጠይቀን መጣች። አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ስለ ዶርም ኑሮ ስታወራ «የዶርማችን ፋርማሲ» የምትለው ነገር አለ። አልጋ ሥር የተቀመጠ የጫማ ካርቶን ነው። ስድስቱም ልጆች የተረፋቸውን መድኃኒት እዚያ ይጥላሉ። ሦስት ፍሬ አሞክሳሲሊን፣ ሁለት ፍሬ ሲፕሮ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቲኒዳዞል። ፈተና ሲደርስ ጉሮሮዋን የከረከራት ልጅ ከካርቶኑ ሁለት ካፕሱል ትውጣለች። ማታ ካስታወሰች አንድ ትደግማለች። በማግስቱ ቀለል ካላት ትተወዋለች። ጉንፋን መድኃኒት ተወሰደም አልተወሰደም በሳምንቱ ገደማ ለቆ ይሄዳል። ምስጋናው ግን የአሞክሳሲሊን ነው።

«አንቺስ ምን ትያቸዋለሽ?» አልኳት።

ሳቀች። «ቲቸር፣ እኔም እወስዳለሁ እኮ። ያንን ፖስተርስ የጻፍኩት እኔ አይደለሁ!»

ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁት። «ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት አይውሰዱ» ይላል። ጽሕፈቱ ያምራል። በዚያው ቀን ዘንድሮ ፖስተር እንደማንሠራ ወሰንኩ።

የጥቅምቱ የመጀመሪያ ስብሰባ በአንድ ጥያቄ ተከፈተ። «መድኃኒት ተላመደ» ሲባል የለመደው ማነው? እጅ ያወጣው ሁሉ «ሰውነታችን» አለ። ጥፋቱ የልጆቹ አይመስለኝም። እኛው ነን ቤት ውስጥ «ይሄን ኪኒን ሰውነቴ ለምዶታል፣ አይሠራልኝም» እያልን ያሳደግናቸው። የለመደው ግን ጀርሙ ነው። ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሰውነቴ ነው የለመደው የሚል ሰው ጉዳዩን የግሉ ያደርገዋል፤ ጠንከር ያለ መድኃኒት ይቀይርና ያልፋል። ጀርሙ ግን በእጅ፣ በኩባያ፣ በሳል ወደ ጎረቤት አልጋ ይሻገራል። አንድም ካፕሱል ያልዋጠችውን ልጅ መድኃኒት የማይበግረው በሽታ ሊይዛት ይችላል።

ይህን ለማሳየት ከቤቴ ቦሎቄ ይዤ መጣሁ። ትሪ ላይ አርባ ነጭና ሁለት ቀይ ዘረገፍን። ነጩ መድኃኒቱ የሚገድለው ባክቴሪያ ነው፤ ቀዩ የሚቋቋመው። አንድ «የዶርም ዶዝ» በተወሰደ ቁጥር ከነጩ ግማሹ ይነሳል፤ ቀዩን የሚነካው የለም። ከዚያ የተረፈው ሁሉ በእጥፍ ይራባል። ነጩ አርባ ላይ እንደቆመ ቀረ። ቀዩ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ በአምስተኛው ዙር ስልሳ አራት ደረሰ። ቀይ ቦሎቄ አልቆብን መጨረሻው ላይ ምስር ነው የጨመርነው።

ኅዳር ላይ የዓለም የጤና ድርጅት በዚሁ ጉዳይ ላይ በየዓመቱ የሚያካሂደው ሳምንት አለ። በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 9 እስከ 15 ዋለ። መሃሉ ላይ ኅዳር 12 አለ፤ ኅዳር ሲታጠን። ልጆቹ የሰፈሩ ጭስ ልብሳቸው ላይ እንዳለ ነው የመጡት። በ1911 ዓ.ም. ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለው የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ እንደነበር ነገርኳቸው። ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። አንዷ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ያኔ ፔኒሲሊን ቢኖር ማንንም አያድንም ነበር ማለት ነው?» አለች። «ማንንም» አልኳት ፈጠን ብዬ።

ማታ ሳነብ ተሳስቼ ተገኘሁ። በዚያ ወረርሽኝ በዓለም ዙሪያ ከሞቱት ብዙዎቹን የገደላቸው ቫይረሱን ተከትሎ የገባ፣ በባክቴሪያ የሚመጣ የሳንባ ምች ነው። ለእነሱ ፔኒሲሊን በደረሰላቸው ነበር። የተገኘው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በማግስቱ ሰልፍ ላይ ማይክ ይዤ ስህተቴን አረምኩ። አስተማሪን የሚያህል ሰው እንዲህ ከተሳሳተ፣ የጫማ ካርቶን የከፈተ ተማሪ ቫይረስ ይሁን ባክቴሪያ በምን ይለያል?

ጥር በፈተና አለቀ።

መጋቢት ላይ በሚኒ ሚዲያ መጀመሪያ ቁጥር አነበብን። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሰበብ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ግቢው ወሬውን አላቆመም። በሳምንቱ ድራማ ሠራን። ታሪኩን የተዋስነው ከራሱ ከፔኒሲሊን አግኚው ከአሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሲሸለም ባደረገው ንግግር ጉሮሮውን ስላመመው አንድ ሰው አውርቷል። ሰውዬው ፔኒሲሊን ገዝቶ ጥቂት ይወስዳል፤ ጀርሙን ለመግደል የማይበቃ፣ ለማስተማር ግን የሚበቃ። ከዚያ ለሚስቱ ያጋባባታል። እሷ የሳንባ ምች ሲይዛት ፔኒሲሊኑ እምቢ ይላል፤ ትሞታለች። ልጆቹ ባልና ሚስቱን የዶርም ጓደኛሞች አደረጓቸው። ፔኒሲሊኑንም ከጫማ ካርቶን አወጡት። መጨረሻው ላይ ግቢው ጸጥ አለ።

ድል አድርገናል ብዬ ሳልጨርስ የሚያዝያው የክፍል ለክፍል ግጥሚያ መጣ። ተከላካዩ፣ ድራማው ላይ ሐኪም ሆኖ የሠራው ልጅ፣ ጉልበቱ ተላጠ። ስደርስ ጓደኛው የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ቢጫውን ዱቄት ሊነሰንስለት ነው። እሱም እግሩን ዘርግቶ ይጠብቃል።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ አይዋጥም! ቁስል ላይ ነው» አለኝ።

«ቦሎቄው ቁስል ላይም ያው ቦሎቄ ነው» አልኩትና ወደ ቧንቧው ወሰድኩት።

ግንቦት ላይ አባላቱ ከየቤታቸው የተራረፈ መድኃኒት ሰብስበው አመጡ፤ ለጤና ጣቢያ አስረከብን። ከኔም መሳቢያ አራት ፍሬ ሲፕሮ ወጥቷል፤ ማንም ሳያየኝ ነው የጨመርኩት። ለ2018 ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው ያ ተከላካይ ነው። ጉልበቱ በውሃና በሳሙና ድኗል።