ራቭ ፎር ወይስ ግራንድ ቪታራ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ እናታችንስ? በመካከላችን ያለው የደንገጎ ዳገት ብቻ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መጥፋቴ ያሳፍራል። ወቀሳህን ስንገናኝ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ አሁን «ከቶዮታ ራቭ ፎርና ከሱዙኪ ግራንድ ቪታራ የቱን ልግዛ?» ወዳልከው ጉዳይ ልግባ።

ቤትህ ሐረር፣ ሥራህ ድሬ ከሆነ ባለ 2.0 ሊትር ሞተር ራቭ ፎር ይሻልሃል። ቪታራ ጠንካራ ነው፤ ግን የሚያምርበት አንተ የማትሄድበት መንገድ ላይ ነው። አራቱም ጎማው ሁልጊዜ በሞተሩ ይነዳል፣ ለአሸዋና ለድንጋያማ ዳገት ዝቅተኛው ማርሽ (ፎር ኤል) አለው። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ለሚሻገር ሰው ወርቅ ነው፣ አስፋልት ለሚመላለስ ግን ቤንዚን መጠጣት ብቻ። ታንከሩ 66 ሊትር ስለሚይዝ (የራቭ ፎር 60 ነው) አትታለል። ከኋላ መሀል የሚቀመጠው ልጅም የወለሉ ጉብታ እግሩን ይነሳዋል። የሁለቱም የኋላ በር ወደ ጎን ነው የሚከፈተው፤ ግድግዳ ተጠግተህ ካቆምክ አስቤዛ ማውረድ የለም።

በ2016 የቤንዚን መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የምታየው ሁሉ ያገለገለ ነው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ የያዘውን ሕመም ፈልግ። ባለ 2.4 ራቭ ፎር፣ በፈረንጅ ከ2006 እስከ 2008 አካባቢ የተሠራው፣ የፒስተኑ ዘይት መመለሻ ቀዳዳ በካርቦን እየተደፈነ ዘይት ይበላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው) ተወውና ድንገት ነዳጅ ስጠው፤ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ተሰናበት። ቪታራ ከሆነ ደግሞ ማለዳ ሳይነሳ ድረስበት። ኮፈኑን ዳስስ፤ ሞቆ ከጠበቀህ ሻጩ የሚደብቀው አለ። ሲነሳ ከፊት በኩል ከተንኳኳና ቶሎ ካልጠፋ የካቴናው (የሞተሩ ውስጥ ሰንሰለት) መወጠሪያ አልቋል።

የዚህ አገር መኪና የሚሞተው ግን በሙቀት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። ውኃው የዝገት ቀለም ካለው ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ነው የጠጣው፤ መሆን የነበረበት ግማሹ ኩላንት፣ ግማሹ የተጣራ ውኃ ነው። የሞተር ዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካየህ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሳይሄድ አልቀረም። የራዲያተሩን ክዳን ላስቲክ ደግሞ በጥፍርህ ነካ አድርገህ እንዳልደረቀ እይ። ወደ ሐረር ከፍ ባልክ ቁጥር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ እንዳይፈላ ግፊቱን የሚይዘው ያ ክዳን ነው። ደንገጎ ላይ ጥግ ይዘው ከሚተነፍሱት መኪኖች ስንቱ በዚህች ርካሽ ነገር እንደቆመ!

ከዚያ እኩለ ቀን ላይ ኤሲውን እስከ መጨረሻ ከፍተህ ሞተሩ እየሠራ ሩብ ሰዓት አቁመው። ቬንቲላተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) እየሠራ፣ የሙቀቱ ቀስት መሀል ላይ መቆም አለበት። ካለፈ ደንገጎ ድረስ መሄድም አያስፈልግህም። ካላለፈ ግን ዳገቱን ውጣና፣ ስትወርድ ከዲ (D) አውጥተህ በዝቅተኛ ማርሽ አውርደው፤ ፍሬን ስትይዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ጠሟል።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ራስህ አስተያይ። እኔ ሳላየው ቀብድ እንዳትከፍል፤ ቅዳሜ ይዘኸው ና፣ ምሳ እኛ ቤት ነው። ልጆቹን ሳምልኝ።

ያው የድሮው ጓደኛህ